ስፌቱ ሲያፈስ ስቴንቱ ምን ይሠራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ሁሉም የሚጠይቁት የምግብ ቧንቧ ውስጥ ስለሚገባው ስቴንት፣ ቀዳዳን ስለሚሸፍነው ወይም የተዘጋ መንገድን ከፍቶ ስለሚይዘው ቱቦ ነው። ስቴንት ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የልቡን ነው፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍልዎት ከአሰላ ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ወራት ከቆዩ በኋላ የጉሮሮ (የምግብ ቧንቧ) ካንሰር ተባሉና አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆኑ። የታመመው ቧንቧ ወጥቶ ጨጓራቸው ወደ ላይ ተስቦ ተቀጠለ ብለውናል። አምስት ቀን ደህና ነበሩ፣ ቁጭ ብለው ያወሩን ነበር። በ6ኛው ቀን ትኩሳት ጀመራቸው፣ ልባቸው በኃይል ይመታል፣ በጎናቸው በገባው ቱቦ የሚወርደውም ነገር ደፈረሰ። ሰማያዊ ነገር በውሃ አጠጧቸውና ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊው አልጋው ስር ያለው ጠርሙስ ውስጥ ሲመጣ በአይኔ አየሁ። ስፌቱ ያፈሳል ተባለና በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ስቴንት አስገቡላቸው። ይኸው ዛሬ 5ኛ ቀኑ፣ ትኩሳቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ቱቦውም አልወጣም፣ በአፋቸውም ምንም አይቀምሱም። ቀዳዳው ከተዘጋ ለምን አልዳኑም? ለምንስ መልሰው ከፍተው አይሰፉትም? የሐኪሞቹ ጥፋት ነው የሚል ዘመድ አለ። አክስቴ ደግሞ ጸበል ይዛ መጥታ ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል እያለች ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አባትህን ይማርልህ። የጸበሉን ነገር ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ደውዬ ነግሬሃለሁ፣ ግን ይሄ በየሆስፒታሉ የሚያጋጥም ስለሆነ እዚህም ልድገመው። በአፍ ምንም አይግባ ሲባል ምንም ማለት ነው፣ ውሃም ሻይም ጸበልም። አክስትህ ከፍቅር ነው፣ እኔም አልቆጣቸውም፣ ግን ያቺ አንድ ጉንጭ በቀዳዳው አልፋ የምትሄደው ወደ ሆድ ሳይሆን ልብና ሳንባ መሀል ወዳለው ቦታ ሊሆን ይችላል። ጸበሉን ግንባራቸውን እጃቸውን ቢቀቧቸው ማንም ሐኪም አይከለክልም፣ ቁስሉና ቱቦው የገባበት ቦታ እንዳይረጥብ ብቻ ነው፣ መጠጣቱን የንስሐ አባታቸውም ቢጠየቁ እስኪፈቀድ ይቆይ እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ። አፋቸው ሲደርቅ ደግሞ ነርሷን አስፈቅዳችሁ ከንፈራቸውን በረጠበ ጋዝ ማራስ ይቻላል፣ ይሄ ትንሽ ነገር ለታማሚው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ስፌቱ ለምን ለቀቀ? አንጀት ሲሰፋ ከላዩ ስስ ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ክሩን ይይዛል። የምግብ ቧንቧ ይሄ ሽፋን የለውም፣ ጡንቻው እንዳለ ነው ያለው፣ ክር በቀላሉ ይቆርጠዋል። ሁለተኛው ነገር ደም ነው። ጨጓራው ተቆርጦ እንደ ቱቦ ተሠርቶ ወደ ደረት ሲሳብ ደም ከሚያመጡለት ስሮች አብዛኞቹ ይቆረጣሉ፣ በዋናነት በአንድ ስር ብቻ ይቀራል፣ ያ ስር ደግሞ ከታች ነው የሚመጣው። አባትህ ገበሬ ከሆኑ ይሄ ይገባቸዋል፣ የመስኖ ቦይ መጨረሻ ላይ ያለ ማሳ ውሃ እንደሚያጥረው ማለት ነው፣ ስፌቱ ያለው ልክ እዛች መጨረሻ ማሳ ላይ ነው። በዛ ላይ ወራት ሙሉ ምግብ አልወርድ ብሎት የከሳ ሰው ቁስል ቶሎ አይድንም። ስለዚህ ስፌት ማፍሰስ በጣም በተደራጁ የውጭ ሆስፒታሎችም ቢሆን ከ10 ታካሚ በግምት አንዱ ላይ ይደርሳል። ለዚያ ዘመድህ ይሄን ንገረው፣ ሊክ (የስፌት ማፍሰስ) ስለተፈጠረ ብቻ አንድ ሰው አጠፋ ማለት አይቻልም። እኔ አንድን ቡድን የምለካው ሊኩን በስንት ሰዓት አገኙት፣ ካገኙት በኋላስ ምን አደረጉ በሚለው ነው፣ ካንተ ጽሑፍ እንደማየው ደግሞ ትኩሳቱ በጀመረበት ቀን ነው የመረመሯቸው፣ ሰማያዊውን ያጠጧቸውም ለዛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ የስፌት ፍርሀት አዲስ አይደለም። በ1913 ኒውዮርክ ውስጥ ፍራንዝ ቶሬክ የሚባል ሐኪም ደረት ከፍቶ በካንሰር የተያዘ የምግብ ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ሲያወጣ ሁለቱን ጫፍ አላገናኘም። ቧንቧውን አንገት ላይ በውጭ በኩል ከፍቶ ከዛ በላስቲክ ቱቦ ሆዷ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር አያያዘው፣ ሴትዮዋ በዛ የላስቲክ ቱቦ እየበላች ከ10 ዓመት በላይ ኖረች። አስበው፣ ምግቡ በልብሷ ስር ከአካሏ ውጪ ነበር የሚያልፈው።

ለምን መልሰው አይሰፉትም ላልከው፣ ሊኩ ሲታወቅ አካባቢው ቆስሎ አብጦ ነው የሚገኘው፣ እንደራሰ ዳቦ ነው፣ መርፌ ብታስገባ ክሩ እየቆረጠ ይወጣል እንጂ አይዝም። ተመልሶ መክፈት የሚመጣው የተሳበው ጨጓራ ራሱ ደም አጥቶ ከሞተ፣ ወይም ስፌቱ በሰፊው ተለያይቶ ከሆነ፣ ወይም ኢንፌክሽኑ በምንም አልቆጣጠር ካለ ነው። ያኔ ስቴንት አስገብቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ስቴንት ከማስገባታቸው በፊት በኢንዶስኮፒ ውስጡን የሚያዩትም ለዚሁ ነው፣ ሮዝ ሆኖ ደም ያለው ነው ወይስ ጠቁሯል የሚለውን ለማየት።

ስቴንቱ ራሱ ምንድነው፣ በቀጭን የብረት ሽቦ የተጠለፈ ወንፊት የመሰለ ቱቦ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የቲታኒየም ቅልቅል ነው የሚሠራው። የስሙ መጨረሻ የመጣው ብረቱ ከተገኘበት የአሜሪካ ባህር ኃይል ላቦራቶሪ ስም ነው፣ ጠባዩም ቅርጹን ማስታወሱ ነው፣ ጨምቀህ በቀጭን ማስገቢያ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ቦታው ሲደርስና ሲለቀቅ በሰውነት ሙቀት ራሱ ይከፈታል። ለሊክ የሚገባው በሲሊኮን ወይ በሌላ ፕላስቲክ ነገር የተሸፈነው ነው፣ ሳይሸፈን ቢገባ ምራቁ በሽቦው መሀል ያልፋላ። ሐኪሙ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ማዶ አሳልፎ፣ በራጅ እያየ፣ የስቴንቱ መሀል ቀዳዳው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይለቀዋል። ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ ሊትር ተኩል ምራቅ ይውጣል፣ ምንም ባይበላም። ያ ምራቅ ነው ከነ ባክቴሪያው ቀዳዳውን የማያስድነው፣ ስቴንቱ የሚሠራው ሥራ ምራቁን በውስጡ አሳልፎ ቀዳዳውን ማስረፍ ነው።

እና ለምን አልዳኑም? ወንድሜ፣ ስቴንት ክዳን ነው። ቤት ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሲሞላ ቧንቧውን ዘጋህ ማለት ቤቱ ደረቀ ማለት አይደለም፣ ውሃውን መቅዳት አለብህ። ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት የፈሰሰው መግል አሁንም ደረት ውስጥ ነው፣ ጎናቸው ላይ ያለው ቱቦ እሱን ነው እያወጣ ያለው። እንዲያውም የሚያስፈራኝ ስቴንት ገብቶ መግሉ መውጫ ሲያጣ ነው፣ ከላይ ተከድኖ ከስር ይበሰብሳል። ስለዚህ ቱቦው አልወጣም ብለህ አትዘን። አንተ የምትችለው ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ስንት ሚሊ እንደወረደና መልኩን መመልከት ነው፣ መግል ከነበረ እየጠራ፣ መጠኑም እየቀነሰ ከሄደ ጥሩ ነው። ትኩሳቱ እያለ በድንገት መውረዱን ካቆመ ግን ጥሩ ምልክት ነው ብለህ ዝም አትበል፣ ቱቦው ተደፍኖ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ለነርሷ ንገራት። ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞቹ ታማሚዎችን ሲዞሩ፣ ደግሞ ሐኪሙን «ቱቦው የተጠራቀመው ቦታ ላይ ነው ያለው? ሲቲ ስካን ይደገማል?» ብለህ ጠይቀው፣ ይሄ ጥያቄ ማንንም አያስቆጣም።

ምግቡስ፣ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ሆድ ላይ በቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት መመገቢያ ይተዋል፣ ወይም በአፍንጫ ይገባል። ያለ ምግብ ስቴንቱም አንቲባዮቲኩም ብቻቸውን አያድኑም፣ ቁስል የሚሽረው በምግብ ነው። ቱቦው በጣም ቀጭን ስለሆነ አጥሚት አታስገቡበት፣ ይደፈናል፣ እሱ ከተደፈነ መልሶ ማስገባት ትልቅ ጣጣ ነው። የታዘዘውን ፈሳሽ ብቻ፣ ከመመገባችሁ በፊትና በኋላ ደግሞ በለብታ ንጹህ ውሃ ማጠብ።

አሁን ደግሞ ካነበብከው ሁሉ ይሄን ብትይዝልኝ ደስ ይለኛል፣ ስቴንቱ የሚወጣበት ቀን አለው። ለሊክ የገባ ስቴንት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት። ከዛ ሲያልፍ፣ ጫፉ ያልተሸፈነ ከሆነ ስጋ በሽቦው መሀል ያድግበታል፣ ወይም ጫፉ ግድግዳውን እየበላ ይሄዳል፣ አጠገቡ ደግሞ የአየር ቧንቧና ትልቁ የደም ስር ናቸው ያሉት። አንድ እናት አስታውሳለሁ፣ ስቴንቱ ገብቶላቸው ትኩሳቱ ጠፋ፣ መብላት ጀመሩ፣ ተሻለኝ ብለው ገጠር ገቡ። የተሰጣቸው ወረቀት ላይ የማውጫ ቀን አልተጻፈም ነበር፣ የልጃቸው ስልክም ተቀይሯል። ከሰባት ወር በኋላ ደም ሲያስመልሳቸው መጡ። ስቴንቱ ስጋ ውስጥ ተቀብሮ አልወጣ ስላለ በውስጡ ሌላ ስቴንት አስገብተን፣ ያ የውስጡ ያደገውን ስጋ ተጭኖ እስኪያሟሽሽ ሁለት ሳምንት ጠብቀን ነው ሁለቱንም አብረን ያወጣነው። ተርፈዋል፣ ግን ያቺ ያልተጻፈች ቀን ናት ያን ሁሉ ያመጣችው። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ወረቀቱ ላይ ቀኑ ተጽፎ ካላየህ አስጽፈው፣ የሁለት ሰው ስልክም አስይዝ።

ሌላው ስቴንት የሚንሸራተት ነገር ነው፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው በተለይ፣ ስጋ ስለማይዘው። ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ደህና የነበረ ሰው በድንገት ትኩሳት ከተመለሰበት፣ ወይም ሲውጥ ማሳል ከጀመረ፣ ወይም የደረት ህመምና ትውከት ከመጣበት በዛው ቀን ራጅ መነሳት አለበት፣ ብረቱ በራጅ ስለሚታይ ቦታው ላይ መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ከተንሸራተተ ይስተካከላል ወይ ይቀየራል።

ስቴንቱ ካልሠራ ሌላም መንገድ አለ። በተለይ ጀርመን አገር ብዙ የተሠራበት፣ ስፖንጅ በኢንዶስኮፒ ቀዳዳው ጋ አስገብቶ በአፍንጫ በሚወጣ ቱቦ ከመምጠጫ ማሽን ጋር ማገናኘት ነው። መግሉን እየመጠጠ ቁስሉን ከውስጥ ያሽረዋል፣ ብዙ ጥናቶች ላይ ቀዳዳ በመዝጋት ከስቴንት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ችግሩ በየ3 እና 4 ቀኑ እንደገና ኢንዶስኮፒ ተደርጎ መቀየር አለበት፣ ጊዜውም ወጪውም ከባድ ነው። አባትህ ባሉበት ይሠራ እንደሆን ሐኪማቸውን መጠየቅ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እንዲሁ የጉሮሮ ካንሰር ኦፕራሲዮን ሆኖ የእሱ ስፌት አንገቱ ላይ ነው። በ8ኛው ቀን ቁስሉ ቀላና ከፈቱት፣ አሁን ሲውጥ ምራቁ በአንገቱ ይወጣል። ሳየው ያስለቅሰኛል። አጠገባችን ለተኛው ሰው ስቴንት ገባለት ለኛ ግን ፋሻ መቀየር ብቻ ነው፣ ገንዘብ የለንም ብለው ነው ወይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ በገንዘብ አይደለም። አንገት ላይ ያለ ስፌት ደረት ውስጥ ካለው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያፈሳል፣ ግን ሲያፈስ በአብዛኛው ወደ ውጭ ነው የሚያፈሰው፣ ወደ ልብና ሳንባ አይደለም፣ ስለዚህ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። የምታይው ነገር ለዓይን ይከብዳል እንጂ መግሉ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው፣ ያ ነው የሚፈለገው። እዛ ከፍታ ላይ ስቴንት ቢገባ ጫፉ ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ያንቀዋል፣ ያስለዋል፣ የሆነ ነገር ቆሞብኛል እያለ ሌሊት አይተኛም፣ ይንሸራተታልም። አብዛኛው የአንገት ሊክ ቁስሉ በደንብ ከተከፈተ፣ ፋሻው በየቀኑ ከተቀየረ፣ በሆዱ ቱቦ ከተመገበ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይዘጋል። ሲውጥ በእጁ ፋሻውን ለስለስ አድርጎ እንዲይዘው አስተምሪው፣ ብዙዎቹ እንደዛ ሲያደርጉ ትንሽ ይቀንስላቸዋል። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የደረት ህመም ካየሽ ግን ወደ ደረት ወርዶ እንዳይሆን በአስቸኳይ ንገሪያቸው። እና አስቀድመሽ እንድታውቂው፣ ያፈሰሰ ስፌት ሲድን ጠባሳው ይጠባል፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ምግብ መያዝ ከጀመረው ካንሰሩ ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ፣ አብዛኛው ጊዜ ጥበቱ ነው፣ በኢንዶስኮፒ በባሉን ተለጥጦ ይከፈታል፣ ምናልባት ከአንድ ጊዜ በላይ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ እናቴ አዲስ አበባ ናት። ካንሰሩ ኦፕራሲዮን አይሆንም ተብሎ ስቴንት ገባላት፣ «አይወጣም» አሉን። እዚህ የማውቃት ሴት ግን ከ6 ሳምንት በኋላ ወጥቶላታል። ዋሽተውናል? ደግሞ ምን ትብላ? ኤርፖርት ይጮሃል ወይ፣ ላመጣት እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ አልዋሿችሁም፣ ሁለቱ ስቴንቶች አንድ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። የዛች ሴት ምናልባት ቀዳዳ እስኪድን የገባ ክዳን ነበር። የእናትሽ ግን ካንሰሩ የዘጋውን መንገድ ከፍቶ ለመያዝ ነው የገባው፣ ቢወጣ መንገዱ ተመልሶ ይዘጋል፣ ስለዚህ አብሯቸው ይኖራል። ይሄን አሠራር በብዛት ከሠሩት አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ነው፣ ኬንያ ቦሜት የሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል። ከኛ አርሲና ባሌ ጀምሮ በኬንያ አድርጎ እስከ ማላዊና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይሄ ካንሰር በጣም የበዛበት መስመር ነው፣ ብዙው ሰው ሐኪም ጋ የሚደርሰው ደግሞ ውሃ እንኳን አልወርድ ካለው በኋላ ነው። ለነሱ ስቴንት ማለት በማግስቱ ሾርባ መጠጣት ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ትንሽ ነገር ነው ብዬ አላውቅም።

ምግቡን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዛ ለስላሳ። እንጀራ በወጥ በደንብ የራሰ ፍትፍት ሆኖ ትንሽ ትንሽ እያላመጡ ከሆነ ብዙዎች ይችሉታል፣ ደረቅ እንጀራ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ጥብስ ስጋ፣ ጎመን፣ ቆሎ ግን ይሰነቅሩታል። በየጉርሻው መሀል ውሃ ፉት ማለት፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት፣ በልቶ ወዲያው አለመተኛት። ስቴንቱ የጨጓራውን አፍ ካለፈ ቃር ስለሚያስቸግራቸው ሲተኙ ከወገብ በላይ ከፍ ይበሉ፣ ሁለት ትራስ ብቻ ሳይሆን ፍራሹን ከስር ማንሳት ነው፣ ለቃሩም መድሃኒት ይጻፍላቸዋል። የሚጠጡት ነገር በጣም ትኩስ አይሁን፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለዚህ ካንሰር መንስኤ ሊሆን እንደሚችል የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ብሏልና ይሄን ቤት ውስጥ ላላችሁትም ጭምር ነው የምለው። ኤርፖርቱ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ ግን የስቴንቱን ዓይነት የያዘውን ካርድ ይያዙ፣ ኤምአርአይ የሚያነሳ ሰው ያንን ነው የሚጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬን ተቆርጬ ከ10 ቀን በኋላ ሊክ ተባልኩና ስቴንት ገባልኝ። ከገባ ጀምሮ ያስመልሰኛል፣ ደረቴን ይጫነኛል፣ አውጡልኝ ብል እምቢ አሉ። እኔ ካንሰር የለብኝም፣ ምን አገባኝ ስቴንት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስቃይሽ ይገባኛል፣ የፈጠርሽውም አይደለም። ጨጓራ እንደ እጅጌ ተቆርጦ ሲሰፋ አብዛኛው ሊክ የሚመጣው ከላይ፣ ቧንቧው ጨጓራውን የሚገናኝበት ጋ ነው። የቀረው ጨጓራ ጠባብ ቱቦ ስለሆነ ውስጡ ግፊት አለ፣ ግፊቱ ደግሞ ቀዳዳው እንዳይድን በዛ በኩል ይገፋል። ስቴንቱ ቀዳዳውን ይሸፍናል፣ ጠባቡንም ይከፍተዋል፣ ለዛ ነው አንቺም ጋ የገባው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ደረት መጫን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛው ሰው ላይ ከሳምንት በኋላ ይቀንሳል። እስከዛው ችለሽ ዝም በይ ማለቴ አይደለም፣ የማስመለስና የህመም መድሃኒቱ በሰዓቱ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፣ ሲያምሽ ብቻ አይደለም። ትውከቱ እየባሰ ከሄደ ወይ የምትጠጪው ውሃ እንኳን ካልረጋ ተንሸራቶ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ይነሳልሽ ብለሽ ድርቅ በይ። የሚወጣበትን ቀን አሁኑኑ አስጽፊ፣ ኮንትራትሽ አልቆ ወይ ቪዛሽ ተቃጥሎ አገር ቤት የምትገቢ ከሆነ ደግሞ ስቴንቱ ሳይወጣ አትሳፈሪ፣ የግድ ከሆነም የኦፕራሲዮኑንና የስቴንቱን ወረቀት በሙሉ ይዘሽ ነይ፣ እዚህ የሚያወጣልሽ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ መቼና የትኛው ዓይነት እንደገባልሽ ነው።